የቅጠል ጥላ ያረፈባት ሴት
(ስለ አንድ የሬኗር ሥዕል)

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች ሁለተኛውን ትርኢታቸውን በፓሪስ፣ በዱራን ሩኤል የሥዕል ቤት ባሳዩ ጊዜ፣ ኦጉስት ሬኗር ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ «ጥናት» የሚል ስም ብቻ ነበረው። በሥዕሉ ላይ ገላዋ ያልተሸፈነ አንዲት ወጣት ሴት በቅጠላ ቅጠል መካከል ትታያለች። የፊጋሮ ጋዜጣ ሐያሲ አልቤር ቮልፍ፣ ይህ ገላ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ የወጣበት፣ መበስበስ የጀመረ ሥጋ ነው ሲል ነቀፈው።

ይህን ነቀፌታ በሣቅ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ቮልፍ ነጠብጣቡን በትክክል አይቷል፤ የተሳሳተው በትርጓሜው ነው። የሰው ገላ ምን ዐይነት ቀለም እንዳለው ብንጠየቅ ሁላችንም የምንመልሰው ከትዝታ ነው። ነገር ግን በቀትር ጊዜ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ባልንጀራችንን አተኩረን ብንመለከት፣ በቅጠሉ ክፍተት የሾለከው ፀሐይ በትከሻው ላይ ነጭ ሆኖ ሲያርፍ፣ ጥላው ደግሞ ከቅጠሉ አረንጓዴ፣ ከሰማዩ ሰማያዊ ሲበደር እናያለን። ስለዚህ ጥላ የብርሃን እጦት ብቻ አይደለም፤ ጥላም የራሱ ቀለም አለው። ሬኗር የሣለው ስለ ገላ የምናውቀውን ሳይሆን ዐይን በዚያች ሰዓት የሚያየውን ነው።

በሴቲቱ ዙሪያ ያለው ቅጠል በፈጣን የብሩሽ ምት የተሠራ ስለሆነ የዛፉን ዐይነት ለይቶ መናገር አይቻልም። ያው አረንጓዴና ሰማያዊ በገላዋም ላይ ተመልሶ ይገኛል። እንግዲህ ሴቲቱ በጫካው ፊት የቆመች ሳትሆን በጫካው ብርሃን ውስጥ ያለች ናት። በ1863 ዓ.ም. ካባኔል የሣላት ቬኑስ ግን በባሕር ላይ ተኝታ ሳለ ገላዋ በቤት ውስጥ እንደ ተሣለ ሁሉ የለሰለሰ ነው፤ የውጭው አየር አልነካትም።

«ሰውን ከቅጠል ጋራ እኩል ማድረግ ሰውን ማሳነስ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው። በርግጥ ሥዕሉ ስለዚች ሴት ኑሮና ሐሳብ የሚነግረን ጥቂት ነው። ሆኖም ፊቷ ከቅጠሉ ይልቅ ረጋ ብሎ ተሠርቷል፤ አምባርና ቀለበትም አድርጋለች። ይህ ጌጥ ጥንታዊት አምላክ ወይም ሔዋን አለመሆኗን፣ የሠዓሊው ዘመን ሰው መሆኗን ያስረዳል። ሬኗር ብርሃኑን ሲከተል ሰውነቷን ጨርሶ አልረሳም።

ሥዕሉን ሠዓሊው ካይቦት ገዝቶ በ1894 ዓ.ም. ሲሞት ለፈረንሳይ መንግሥት ተናዞታል፤ ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ይህ የቮልፍን ስሕተት ለመሣለቅ የሚበቃ ምክንያት አይሆንም፤ እኛም በየቀኑ የምንሠራው ስሕተት ነውና። አንድ ሥዕል ዐይናችንን ሲያስቀይመው፣ ከመፍረዳችን በፊት የተነካው እውነት ይሁን ወይስ ልማዳችን ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።