የ«ዘ ቲንግ» መጨረሻና የትርጓሜው ሚዛን

የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» (እ.ኤ.አ. 1982) የሚያልቀው በሁለት ሰዎች ነው። አንታርክቲካ ያለው የምርምር ጣቢያ እየነደደ፣ ማክሬዲና ቻይልድስ በረዶው ላይ ተቀምጠው አንድ የውስኪ ጠርሙስ ይቀባበላሉ። የያዘውን ሁሉ መስሎ የሚመጣው ፍጡር ከሁለቱ አንዱ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ ፊልሙ ይዘጋል።

ደካማ ትርጓሜ በትንፋሽ ይታወቃል። «የማክሬዲ ትንፋሽ በብርዱ ይተናል፣ የቻይልድስ ግን አይታይም፤ ስለዚህ ፍጡሩ ቻይልድስ ነው» የሚለው መላምት በተነሳ ቁጥር አድማጩ ራሱን እየነቀነቀ ያደንቃል። የሚደነቅ ነገር የለውም። በመጀመሪያ፣ ትንፋሹ አለ፤ ጥርት ባለ ቅጂ ቻይልድስ ሲናገር ከአፉ ስስ እንፋሎት ይወጣል። የሳሳው በመብራቱ አቀማመጥ ነው። እንፋሎት ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመታው ነው፤ ቡና ሲቀዳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የተቀመጠ ሰው የስኒውን እንፋሎት አጥርቶ ያያል፣ መስኮቱን ከጀርባው ያደረገው ግን እምብዛም አያየውም። ሁለተኛ፣ ፊልሙ ራሱ መላምቱን አስቀድሞ አፍርሶታል፦ ከጣቢያው ሰዎች አንዱን፣ ቤኒንግስን፣ የመሰለው ፍጡር ውጭ ተከቦ ሲጮህ ትንፋሹ እንደማንኛውም ሰው ይተናል። ሰውን እስከ ደሙ የሚገለብጥ ፍጡር ሳንባውን ብቻ ዘነጋ ማለት አያስኬድም። በትንፋሽ የሚጀምር ትርጓሜ ቀሪው ሳይሰማ ይጣላል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው፣ ስለዚህ ዝም ብሎ የጠጣው ቻይልድስ ፍጡሩ ነው የሚለው መላምትም የዚሁ ወንድም ነው።

ጥሩ ትርጓሜ የሚነሳው ከደም ምርመራው ነው። የጣቢያው ሰዎች ደም በጋለ ሽቦ ሲፈተሽ ቻይልድስ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው በር ጠብቅ ተብሎ ከተተወ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ያርፋል፦ የጣቢያውን ባልደረባ ብሌርን አይቼ ተከተልኩት፣ በውሽንፍሩ መንገድ ጠፋኝ ይላል፤ የሚመሰክርለት ግን የለም። ማክሬዲም ጣቢያውን ካወደመው ፍንዳታ በኋላ ብቻውን እንደነበር የሚያስታውስ ተርጓሚ ጥቂት ነው። አንዱን ብቻ የሚጠረጥር ሥራ ግማሽ ሥራ ነው።

የቪዲዮ ካሴት በሚከራይበት ዘመን በአዲስ አበባ አንድ አከራይ ነበሩ። ደንበኞቻቸው በመጨረሻው ትዕይንት ሲጨቃጨቁ ካሴቱን ወደ ደም ምርመራው ያጠነጥኑና፣ «ከዚህ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ቁጠሩ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ብዙ ጊዜ የተቀዳው ካሴት ጨልሞ የማንም ትንፋሽ አይታይበትም ነበር፤ እዚያ ቤት ስለ ትንፋሽ የተከራከረ አልነበረም።

የቼዙን ጨዋታ ያስታወሰ ትርጓሜም ክብር ይገባዋል። ማክሬዲ በፊልሙ መጀመሪያ በኮምፒውተር ቼዝ ተሸንፎ ውስኪውን ማሽኑ ውስጥ ይደፋል፤ በመጨረሻ ጠርሙሱን ለቻይልድስ ያቀብላል። ይህ የሽንፈቱን ስሜት ያሳያል፤ ማስረጃ ነው ከተባለ ግን ከትንፋሹ አይሻልም።

ካርፔንተር ማክሬዲ ተርፎ በደም ምርመራ ሰው መሆኑ የሚረጋገጥበትን ትዕይንትም ቀርጾ ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ አላስገባውም። ቢያስገባው እንኳ ስለ ቻይልድስ የሚለው ነገር አልነበረውም።