የመንገደኛው ፖስታና የአምደወርቅ ገመና
በአንድ የጠረጴዛ ጨዋታ ላይ የቀረበ ሐተታ

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው «ትራቭለር» የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፤ ትርጓሜውም «መንገደኛ» ማለት ነው። ጨዋታውን ያዘጋጀው አሜሪካዊው ማርክ ሚለር ሲሆን፣ በ1977 እ.ኤ.አ. በሦስት ትንንሽ ጥቁር መጻሕፍት ታትሞ ወጣ። ነገሩ ስለ ከዋክብትና ስለ ሰማይ መርከቦች በመሆኑ «ገበጣ ለሚበቃው አገር ይህ ምን ይረባዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ጨዋታው ሳይታወቀው የሚያነሣው ጥያቄ፣ ይኸውም መልእክት በማን እጅ ያልፋል፣ የሰውንስ ገመና ማን ያያል የሚለው፣ ዛሬ በአምደወርቅና በሰቆጣ ስልክ በያዘ ሰው ሁሉ ፊት የቆመ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ አካሄዱን እንግለጽ። ጥቂት ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም የአንድን መንገደኛ ሕይወት በምናባቸው ይይዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ሆኖ ዓለማቱን ያዘጋጃል፣ የተሰወረውንም ነገር እርሱ ብቻ ያውቃል። የመንገደኛው ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ብልኀት፣ ትምህርትና ማኅበራዊ ደረጃ በሁለት ዳይስ ይወሰንና በስድስት ምልክቶች ይጻፋል፤ ከ9 በላይ የሆነው በላቲን ፊደል ይመለከታል። ማኅበራዊ ደረጃው 11 ወይም ከዚያ በላይ የወጣለት ሰው መኳንንት ይሆናል። መወለድም ከዳይስ የራቀ ነገር ስላልሆነ፣ በዚህ ላይ ደራሲውን አንነቅፈውም።

የጨዋታው ዋና ብልኀት ያለው በመገናኛው ላይ ነው። በትራቭለር ዓለም ከመርከብ የሚቀድም ወሬ የለም። መርከቡ ከኮከብ ወደ ኮከብ ሲዘል፣ ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ደብዳቤውም አብሮት ይጓዛል። ስለዚህ በዳር ያለ ገዥ መናገሻውን ጠይቆ እስኪመለስለት ድረስ ነገሩ አልፎበት ይገኛል፤ የግድ በራሱ ይወስናል። ዋግ በዋግሹሞች ሲተዳደር የነበረበትን ዘመን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ መልእክት በእግረኛና በበቅሎ በሚሄድበት ተራራማ አገር፣ ሥልጣን ወደደም ጠላም መበተኑ አይቀርም። የዛሬ ሰዎች «ያልተማከለ» የሚሉት ነገር በትራቭለር የማንም ፍልስፍና ሳይሆን የርቀት ውጤት ነው።

የእኛ ዘመን ግን ርቀትን አጥፍቶ አንድ ሌላ ነገር አመጣ፤ ይኸውም መዝጊያውን ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መቋረጡ ለብዙ ወራት ቆየ። በበቅሎ ዘመን አንድ መልእክተኛ ቢያዝ ሌላው በሌላ ቁልቁለት ይወርድ ነበር፤ በሽቦና በማማ ዘመን ግን መንገዱ ሁሉ በጥቂት እጅ ስለሚያልፍ፣ ሲዘጋ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘጋል።

ይህን በመሰለው ምክንያት አንዳንዶች መድኀኒቱ ያልተማከለ ማኅበራዊ መረብ ነው ይላሉ። የታወቀው ምሳሌ በ2016 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተጀመረው «ማስቶዶን» ነው። በዚህ መረብ አንድ ኩባንያ ሁሉን አይዝም፤ ልዩ ልዩ ሰዎችና ማኅበሮች የየራሳቸውን ሰርቨር ያቆማሉ፣ ሰርቨሮቹም በጋራ ደንብ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ልዩ ነገሮች እንዳይቀላቀሉ ያስፈልጋል። መረብን መበተን ምስጢርን መጠበቅ አይደለም። የማስቶዶን ሰርቨር ኀላፊ በዚያ የሚቀመጠውን የግል መልእክት ለማንበብ ይችላል፤ አንድ ጽሑፍም ወደ ሌሎች ሰርቨሮች ከተቀዳ በኋላ ጸሐፊው ቢሰርዘው ከሁሉም ቦታ ስለ መጥፋቱ ዋስትና የለውም። በአገራችን በብዛት የሚሠራበት «ቴሌግራም» ደግሞ የተማከለ ሲሆን፣ ተራው ንግግር ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፤ «ምስጢራዊ ንግግር» የሚባለው ብቻ ነው። ማማው ሲዘጋ ግን ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ።

እዚህ ላይ የትራቭለር ጉድለት ይታያል። በደንቡ የፖስታ ውል የያዘች መርከብ 5 ቶን የሚሆን ቦታ ለፖስታ እንድትለይ፣ መሣሪያ እንዲኖራትና ተኳሽ እንድትይዝ ታዟል። ከረጢቱ ከውጭ ሽፍታ ተጠበቀ ማለት ነው። ከረጢቱን የተሸከመው ሰው ራሱ ደብዳቤውን ከፍቶ ቢያነብስ? የፖስታው ደንብ ይህን ሲጠይቅ አናይም። የቀድሞ ሰዎች ግን ደብዳቤን በማኅተም ያሽጉ የነበረው ሽፍታን ፈርተው ብቻ አይደለም፤ መልእክተኛውንም ስለሚያውቁት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የደብዳቤንና የስልክን ግላዊነት ሲያስከብር፣ የ2016ቱም የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ሲወጣ፣ የተነሡት ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በስድስቱ ምልክቶች ላይ ነው። የመንገደኛው ጉልበቱ፣ ትምህርቱና ማዕርጉ በአንድ መስመር ተጽፎ ይታያል፤ ሰውየው የሚሸሽገው የለውም። በ2015 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም «ፋይዳ»፣ 12 አኃዝ አለው፤ ቁጥሩ ራሱ ግን ስለ ባለቤቱ ጠባይና ማዕርግ አይናገርም። በዚህ ረገድ ከጨዋታው ይሻላል እንላለን። አደጋው ከቁጥሩ ሳይሆን ከቁጥሩ ጀርባ ከሚከማቸው መዝገብ፣ መዝገቡንም ከሚከፍተው ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታው በመጻሕፍቱ ያልጻፈውን ትምህርት በጠረጴዛው ላይ ይሰጣል። በከዋክብቱ መካከል ሥልጣን የተበተነ ቢሆንም፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ግን ሁሉን የሚያውቅ አንድ ዳኛ አለ። ተጫዋቾቹ ለምን ይታገሡታል? ፊቱን ስለሚያዩት፣ ቢያዳላ ስለሚከራከሩት፣ ካስመረራቸውም ተነሥተው ሌላ ጠረጴዛ ስለሚፈልጉ ነው። በገበጣ ጠጠሩ ሁሉ ለተመልካች የተገለጠ ነውና ዳኛ አያስፈልግም፤ ምስጢር ባለበት ጨዋታ ግን ምስጢሩን የሚይዘው ሰው መታወቅ አለበት። ያልተማከለ መረብም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዳኛን አያስቀርም፣ ነገር ግን ዳኛውን ቅርብና ተለዋጭ ያደርገዋል። የሩቅ ኩባንያን ዳኝነት ግን ከአምደወርቅ ተነሥቶ ማን ይከራከረዋል?

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ትራቭለር ስለ ርቀት በሚገባ ያስተምራል፤ ስለ ገመና ግን ዝም ይላል። ጨዋታውን በአማርኛም ሆነ በኽምጣጛ ለመጫወት የሚያስቡ ጓደኞቻችን አንድ ደንብ ቢጨምሩበት እንመክራለን። መርከቡ ፖስታውን ይዞ በደረሰ ጊዜ ዳኛው ዳይሱን ጥሎ ማኅተሙ ተነክቶ እንደ ሆነ ይመልከት፤ ተነክቶም ከሆነ፣ ተጫዋቾቹ ማን እንደ ከፈተው የመጠየቅ መብት ይኑራቸው። በጨዋታ ያልለመድነውን ጥያቄ በቁም ነገር ጊዜ ለማንሣት ይከብደናልና።