ያልገባው የቱ ነው? የነገ ዘመን ፊልሞችና የወሎ ተመልካች

«ፊልሙ አልገባኝም» የሚል ተመልካች ከሂሰኞች ዘንድ ፍትሕ አግኝቶ አያውቅም። አንዱ ወገን ነገሩን የተመልካቹ ድክመት ያደርገዋል፤ ከፍቅርና ከኮሜዲ ያልወጣ ዓይን ጠለቅ ያለ ሥራ ሲገጥመው መደናገሩ አይቀርም ይላል። ሌላው ወገን ጣቱን ወደ ዳይሬክተሩ ይቀስራል፤ ታሪክ መናገር ስላቃተው በጭጋግ ውስጥ ተደበቀ ይለዋል። ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባውን ነገር ዘለውታል፤ ይኸውም ተመልካቹ ያልገባው የቱ ነው የሚለው ነው። የዚህ ዳሰሳ ክርክር የወደፊቱን ዘመን በሚያሳዩ ፊልሞች ላይ የሚሰማው ቅሬታ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ የያዘ ነው የሚል ነው። አንዱ «ምን ሆነ?» ነው። ሌላው «ይህ ፊልም የሚያወራው ከማን ጋር ነው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ተመልካቹን ያን ያህል አያስቸግረውም፤ መልሱን ባያገኝም እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያያል። ከፊልሙ ጋር የሚያቆራርጠው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ እንዳለችው እንደ ሐርቡ ባሉ ከተሞች አንድ ትውልድ ከፊልም ጋር የተዋወቀው በአመዛኙ በቪዲዮ ቤት ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አይርቁም። በእነዚያ ቤቶች የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ያህል ሲሄድ ተመልካቹ ከሂንዲ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አያውቅም ነበር። ሰብታይትል ቢኖርም በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱንም ተከታትሎ የሚያነበው ጥቂቱ ነው። ያም ሆኖ ተመልካቹ በሚያለቅስበት ቦታ ያለቅሳል፣ በሚያፏጭበት ያፏጫል። ገና ሲቀመጥ የሚያጣራው አንድ ነገር ነው፤ አክተሩ የቱ ነው? አክተሩ ከታወቀ፣ ጠላቱ ከታወቀ፣ በመካከላቸው ያለው ዕዳ ወይም ደም ከታወቀ፣ ቀሪውን ያለ አስተርጓሚ ይደርስበታል። በልጅነታቸው የተለያዩ ወንድማማቾች፣ የተበደለች እናት፣ የአባቱን ገዳይ የሚፈልግ ልጅ፣ ለወሎ ሰው ባዕድ አይደሉም። «አክተር አይሞትም» የሚለው የአዳራሽ ቀልድ ራሱ የታሪክ አወቃቀርን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ንግግር ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውሞ ማሰማታቸው ይታወሳል፤ ከተቃውሞዎቹ መካከል ግን «ሕዝቡ አይገባውም» የሚል አልነበረም። ሥጋቱ ተቃራኒው ነበር፤ ከመጠን በላይ ገብቶት እኛን ይረሳናል የሚል። ስለዚህ የባህል ርቀትም ሆነ የቋንቋ እንግድነት ብቻውን ግራ መጋባትን አይወልድም።

ይህን ይዘን ግራ በማጋባት ስሙ ወደሚነሣው የጃፓን አኒሜ እንሂድ። የካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ» ለተመልካች የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ፊልሙ የተቀዳበት፣ የራሱ የኦቶሞ የሥዕል ታሪክ መታተም የጀመረው በ1982 ሲሆን ያለቀው በ1990 ነው፤ ማለትም ፊልሙ መጨረሻውን ያገኘው ታሪኩ በወረቀት ላይ ገና ሳያልቅ ነው። ከ2000 ገጽ በላይ የሆነ ሥራ በ124 ደቂቃ ውስጥ ሲጨመቅ የሚጎድለው ነገር መኖሩ ግልጽ ነው። በ2019 ኒዮ ቶኪዮ በተባለች፣ በቀድሞዋ ከተማ ፍርስራሽ አጠገብ በተሠራች ከተማ፣ ሞተር ብስክሌት የሚጋልቡ ጎረምሶች ከመንግሥት ምስጢራዊ ፕሮጀክት ጋር ይላተማሉ። ፊታቸው ያረጀ፣ ሰውነታቸው የሕፃን የሆነ ሦስት ፍጡራን አሉ። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ አሻንጉሊቶች እየተገጣጠሙ ግዙፍ ድብና ጥንቸል ሆነው ወደ አንድ ወጣት አልጋ ይመጣሉ፤ ከአካላቸውም ነጭ ወተት ይፈስሳል። ወደ መጨረሻው በስታዲየሙ ውስጥ የዚያው ወጣት አካል መቆጣጠሪያ አጥቶ እያበጠ ብረትም ሰውም ይውጣል። «አኪራ ምንድን ነው?» ለሚለው ፊልሙ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ነገር ግን ያልገባውን ተመልካች ረጋ ብሎ ለጠየቀ ሰው ሌላ ነገር ይገለጣል። ካኔዳና ቴትሱኦ አብረው ያደጉ የሙት ልጆች መሆናቸው፣ አንዱ ዘወትር አዳኝ ሌላው ዘወትር ተዳኝ መሆኑ፣ ተዳኙ በጓደኛው ቀይ ሞተር ላይ ዓይኑን ጥሎ መኖሩ፣ ኃይል በእጁ ሲገባም መጀመሪያ ያመፀው በዚያው ባዳነው ጓደኛው ላይ መሆኑ ማንም የማይስተው ነው። ለጃፓናዊው ተመልካች የሥዕል መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ የሌላ አገሩ ተመልካች አልነበረውም። ሁለቱም ግን ከአዳራሹ የወጡት ውለታ የከበደው ልጅ ኃይል ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አይተው ነው። «ምን ሆነ?» ሳይመለስ ቀረ፤ «ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ግን ተመለሰ።

ከዚህ የባሰ የተወሳሰበውን የሂዴያኪ አኖን «የኢቫንጌሊየን ፍጻሜ» ብንወስድ ነጥቡ ይበልጥ ይጠራል። የቴሌቪዥን ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያልቅ ብዙ ተከታታዮቹን አስቆጥቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ፊልም ደግሞ የዓለምን መጥፋት በምልክትና በሕልም ጎርፍ አሳየ። በመሀሉ ሥዕሉ ይቋረጥና በሲኒማ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡ እውነተኛ ተመልካቾች ይታያሉ፤ ለፈጣሪዎቹ የተላኩ መልእክቶችም በብልጭታ ያልፋሉ። ታሪኩን በቅደም ተከተል የሚተርክ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተመልካቹ ግን የሚነገረው ለእሱ እንደሆነ፣ እንዲያውም እየተሰደበ እንደሆነ፣ ለደቂቃ አይጠራጠርም።

ተቃራኒ ሐሳብ ያለው አንባቢ፣ ጃፓን ሌላ፣ ወሎ ሌላ፤ የተቆራረጠ ምስል አገናኝቶ የማንበብ ልምድ በሌለበት እንዲህ ያለ ንጽጽር አይሠራም ሊል ይችላል። ለዚህ የሚሆን መልስ ከወሎ በላይ ያለው አገር የለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የነበረውን የወሎ ረሀብ ቀርጾ «ያልታወቀው ረሀብ» በሚል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ነበር። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣ ምስሎች ጋር አፈራርቆ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። የሚሞት ሕፃን፣ ከዚያ የሚቆረስ ኬክ፤ የተራቆተ ገላ፣ ከዚያ ሥጋ የሚጎርስ የቤተ መንግሥት ውሻ። ከሲኒማ አንጻር ይህ ሁለት የማይገናኙ ቦታዎችንና ጊዜዎችን በግጭት የማጣመር ስልት ነው፤ በፊልም ትምህርት ቤት ከሩሲያ ድምፅ አልባ ፊልሞች ጋር የሚጠና ነው። ያን ምሽት «አልገባኝም» ያለ ተመልካች አልተሰማም። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ቅንብሩ ፕሮፓጋንዳ መሆኑ አያከራክርም፤ ለዚህ ክርክር የሚጠቅመን ግን የተመልካቹ ንቁነት ነው። ለማን እንደተነገረ በማያሻማ ምስል ፊት ያልሠለጠነ ዓይን የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ እንመለስ። በአማርኛ የተሠራ፣ ከጥፋት በኋላ ያለችን ዓለም የሚያሳይ ፊልም ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረበው «ክራምስ» ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ዳንኤል ታደሰ ካንዲን፣ ሰላም ተስፋዬ በርዲን ሆነው ይጫወታሉ። ሁለቱ ፍቅረኛሞች በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ በላያቸው የዛገ የጠፈር መርከብ ለዘመናት ሳይነቃነቅ ተንጠልጥሏል። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ምድር ለሰው ልጅ ማብቂያ መድረክ ሆኗል። ካንዲ ከፍርስራሽ መሀል የሚለቅማቸው የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ይገመታሉ፤ ገማቹም ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የተንሻፈፈ ታሪክ በከፍተኛ ቁምነገር ያወራል። በርዲ በበኩሏ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ተንበርክካ ትጸልያለች።

እዚህ ላይ «ምን ሆነ?» የሚል ችግር አለ ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ታሪኩ ከማንኛውም የህንድ ፊልም የቀለለ ነው፤ የሚወዳትን ሴት ትቶ ወደ ሩቅ አገሩ የሚመልሰውን መንገድ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ነው። ፍርስራሹም ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት በጦርነት ተይዘው ኅዳር ማብቂያ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ ሆስፒታል፣ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ሲዘረፍ አይተዋል፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ደግሞ ተዘርግቶ ሳለ ባቡር መጠበቁ፣ አገልግሎት ከመስጠቱ በፊት ፍርስራሽ የመሰለ ነገር እንዳለ ያስተምራል። እንዲህ ያለ ተመልካች ከጥፋት በኋላ ዕቃ ለቃሚን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። የሚያውከው የበርዲ ጸሎት ነው። የጸሎቱ አቀራረብ፣ የእጁ ምልክት፣ የድምፁ ዝቅታ ተመልካቹ ከቤቱ የሚያውቀው ነው፤ ተቀባዩ ግን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ታዲያ የተቀለደው በማን ነው? በአሜሪካ ሸቀጥ አምልኮ ነው? ወይስ በምእመኗ? አውሮፓዊው የፌስቲቫል ተመልካች ጥያቄው አይነሣበትም፤ ጆርዳንን ያውቀዋል፣ ጸሎቱ ለእሱ ከሩቅ የሚታይ ጌጥ ነው፣ ቀልዱ ያለ ዋጋ ይደርሰዋል። ለጸሎቱ ቅርብ የሆነው ሰው ግን በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ተወዳጅ ተዋናይት አፍ የተነገረ ነገር ወደ እሱ ሳይሆን ከእሱ ትከሻ በላይ ወደ ሌላ ሰው ሲወረወር ያየዋል። «አልገባኝም» ሲል ይህን ማለቱ ከሆነ ከብዙ ሂሰኛ ይልቅ ፊልሙን በትክክል አንብቦታል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው ፈጣሪ ለፈለገው ሰው የመናገር መብት አለው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ክርክሩም ያንሶ ለፌስቲቫል መሥራት አልነበረበትም የሚል አይደለም። ለሌላ የተላከን ደብዳቤ ማንበብ ያቃተውን ሰው ግን መሃይም ማለት አይቻልም። ሁለተኛውና ክርክሩን የሚፈትነው ተቃውሞ ከባህላችን የሚነሣው ነው፤ አሻሚነት የኛ ነው፣ ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ግራ የሚያጋባ ፊልምን በአድናቆት ሊቀበል ይገባል የሚል። ይህ አነጋገር በየመድረኩ ስለሚደጋገም መመርመር አለበት። ቅኔ የሚያስቸግረው ሕግ ስላለው ነው። ተቀኚውና አድማጩ ግሱን፣ ቤቱን፣ የሚጠቀሰውን ታሪክ በጋራ ያውቃሉ፤ ወርቁ ሲገኝም አድማጩ ትክክለኛውን እንዳገኘ ያውቃል፣ መምህሩም ይመሰክርለታል። በአንድምታ ትርጓሜም «አንድም» እየተባለ የሚደረደረው ሐሳብ ባለቤት ያለው፣ የሚያልቅ፣ በጉባኤ የተፈተነ ነው። የተቀኘውም የሚተረጉመውም ለማን እንደሚናገር ያውቃል። «ክራምስ»ን በቅኔ ማመስገን ስለዚህ ፊልሙንም ቅኔውንም አያከብርም፤ ፊልሙ የሚተማመንበት ክፍት አሻሚነት ሌላ ባሕርይ ያለው፣ በራሱ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ነው። በዚያ ሚዛን ሲመዘን ደግሞ ጥሩ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉት። የሰላም ተስፋዬ ብቸኝነት፣ በባዶው መጫወቻ ቤት የቆመ መሣሪያ በራሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር በፊቷ ላይ የሚታየው፣ ማብራሪያ አይፈልግም። ያ ቦታ «ለማን ነው?» የሚባልበት አይደለም።

ይህ ሁሉ በተለይ አሁን መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ ፊልምን በአማርኛ እየተረኩ በአጭሩ የሚያቀርቡ ሰዎች በስልክ ላይ ብዙ አድማጭ አግኝተዋል፤ በቪዲዮ ቤት ፊልሙን አስቀድሞ አይቶ ለጎረቤቱ ይነግር የነበረው ሰው አሁን ማይክሮፎን ይዟል። ሂሰኞች ይህን ትረካ ፊልምን እንደማበላሸት ያዩታል፤ በከፊል ልክ ናቸው። የ«አኪራ» ትረካ የሁለቱን ጓደኛሞች ጠብ በሚገባ ነግሮ የወተቱን አሻንጉሊትና የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያልፍ አያስደንቅም። ይሁንና ተራኪው የሚሠራው ሥራ ከላይ የተከራከርንበት ነው፤ ለሌላ የተነገረን ነገር ከፊቱ ወዳለው ሰው ያዞራል። የፊልሙን ትልቁን ክፍል ሳይጥል ማዞር ይችላል ወይ የሚለው የችሎታ ጉዳይ ነው፤ ሂሱም ማተኮር ያለበት በዚህ ላይ ነው። «ክራምስ»ን የሚተርክ ሰው «ካንዲና በርዲ ይዋደዳሉ» ብሎ ቢጀምር አይሳሳትም፤ ጉዞውን፣ መርከቡን፣ አሮጌ ዕቃ ገማቹን ሁሉ በቀላሉ ይወጣዋል። ከጆርዳን ምስል ፊት ሲደርስ ግን ጸሎቱን በሹፈት ድምፅ ወይም በእውነተኛ ጸሎት ድምፅ ማንበብ ይኖርበታል፤ ዳይሬክተሩ ያልወሰነውን እሱ መወሰን ግድ ይሆንበታል።