በቤት የተሠራው የላሞች መዝገብ

የወተት ላም የሚያረባ ሰው ለራሱ ብሎ፣ በራሱ ኮምፒውተር የሚሠራው ዳታቤዝ ከልብ የማደንቀው ሥራ ነው። አጀማመሩ ቀላል ነው፦ አንድ ሠንጠረዥ ለላሞቹ፣ አንድ ለዕለት ወተት፣ አንድ ለማዳቀል፣ አንድ ለሕክምና። አራቱን የሚያያይዛቸው በላሟ ጆሮ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ጥቅሙ የሚታወቀው ቀን ሲቆጠር ነው። ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ትደራለች፤ ምልክቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ይጠፋል። ካመለጠ፣ ሌላ 21 ቀን መኖ እያበሉ መጠበቅ ነው። የተዳቀለችበት ቀን ከተመዘገበ ግን ዳታቤዙ 21 ደምሮ «ዛሬ 14 ቁጥር ላምን ተመልከት» ይላል። 280 ገደማ ደምሮ የመውለጃዋን ጊዜ ይናገራል፤ ከዚያም 60 ቀን ቀንሶ እለባው የሚቆምበትን ቀን ያስታውሳል። አንቲባዮቲክ የተወጋችው ላም ደግሞ ወተቷን መሸጥ እስኪፈቀድ ድረስ በቀይ ትታያለች።

ተገዝቶ የሚመጣ ሶፍትዌርም ይህን ይሠራ ይሆናል። የቤቱ ግን የባለቤቱን ጥያቄ ያውቃል፦ ፉርሽካና ፋጉሎ በተወደደበት ወር ወጪዋን የሸፈነችው የትኛዋ ናት? የየትኛው ኮርማ ልጆች የተሻለ ይታለባሉ? በቢሾፍቱም ሆነ በሱሉልታ፣ አምስት ላም ያለው ሰው ይህን በኤክሴል መጀመር ይችላል።

ላም ያላችሁ ሁሉ፣ የዛሬ ማታውን እለባ መዝግቡ፤ የመዝገቡንም ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።