ፋሲል ግቢ ውስጥ መዋል

ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ጎንደር የሚዘልቅ ሰው ፋሲል ግቢን ሳያይ እንዳይመለስ እመኛለሁ። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስጀመሩት ይህ የነገሥታት ምሽግ 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም የድንጋይ ቅጥር ታጥሯል። የፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት፤ ጦር ይቃኝበት የነበረው ከፍታ ዛሬ የተማሪና የእንግዳ መዋያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን በዚሁ ግቢ ያለው የአፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ነው፦ በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በጣሊያን ወረራ ማብቂያ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ አገኘው። ጣሪያው ቢፈርስም ግድግዳው እንደ ጀግና ቆሟል። ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስትሄዱ ሙሉ ቀን ስጡት፤ ልጆቻችሁንም ውሰዱ፤ ድንጋዩ ላይ ግን ስም አትጻፉ።