ስለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ «ሰዓት መሳት» የሚሰጠው ፍርድ ሲመረመር

ስለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በሚነገረውና በሚጻፈው ሁሉ «የኮልት ሥራ ውብ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ሰዓቱን ይስታል» የሚል ፍርድ ተደጋግሞ ይገኛል። ይህ ፍርድ በተለይ የሚያርፈው እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው ፓይተን በተባለው ሞዴል ላይ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንተቸው ሽጉጡን ሳይሆን ፍርዱን ነው፤ ይኸውም ከሳሾቹም ተከላካዮቹም ምርመራውን ሳይጨርሱ ወደ ብይን የሮጡ መስለው ስለ ታዩን ነው።

አስቀድመን «ሰዓት» የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንግለጥ። በእንዲህ ዐይነቱ ሽጉጥ ምላጩ ሲሳብ መዶሻው ወደ ኋላ ይነሣል፤ መቆለፊያው ከሲሊንደሩ ስርጉድ ይወጣል፤ ገፊው ምላስ ደግሞ ከሲሊንደሩ ጀርባ ያለውን ጥርስ ይዞ ሲሊንደሩን የዙር አንድ ስድስተኛ ያዞረዋል። መዶሻው ከመውደቁ በፊት መቆለፊያው በሚቀጥለው ስርጉድ ገብቶ ሲሊንደሩን መያዝ አለበት። መዶሻው ከቀደመ ግን የጥይቱ ቤት ከበርሜሉ ጋር ሳይገጥም ይተኮሳል፤ እርሳሱም በበርሜሉ ጠርዝ ተላጭቶ ስባሪው በጎን ይፈናጠራል። ጎን ለጎን ቆሞ የሚተኩስ ሰው ጉንጩ ላይ የሚሰማው ይኸው ስባሪ ነው፤ ዐይኑ ላይ የማያርፍበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ነገሩ የጠመንጃ ወዳጆች ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ተከላካዮቹ «ምላጩን ሳብ አድርገህ ተመልከት፤ ይቆለፋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይቆለፋል። ሆኖም ሲሊንደሩ ከባድ ብረት ነውና በፍጥነት ሲዞር ገፊው ያላደረሰውን ቀሪ መንገድ በራሱ ግስጋሴ ይጨርሰዋል። ፈጥኖ መሳብ እንግዲህ ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ የለም አያሰኝም። የሚያጋልጠው ዝግታ ነው። ስድስቱም ቤት ጥይት የሌለበት መሆኑን በዐይን ካረጋገጡ በኋላ መዶሻውን በአውራ ጣት ቀስ እያሉ ማንሣት፤ በሌላው እጅ ጣት ሲሊንደሩን በጥቂቱ ጫን ብሎ ማዘግየት፤ መዶሻው ጥጉ ላይ ሲደርስ መቆለፊያው መግባት አለመግባቱን ማዳመጥ ነው። ይህም ስድስት ጊዜ መደረግ አለበት፤ ከስድስቱ ጥርሶች አንዱ ብቻ ተበልቶ ሊሆን ይችላልና።

ከሳሾቹም ቢሆኑ ከዚህ አልተሻሉም። ሲሊንደሩ እየከበደ በዞረ ቍጥር «ሰዓቱን ስቷል» ይላሉ፤ ነገር ግን ቀለህ በሚያወጣው ኮከብ ሥር የገባ ያልተቃጠለ ባሩድ ወይም የጎበጠ የማውጫ ዘንግ ሲሊንደሩን ሊያከብደው ይችላል። በሲኒማ እንደምናየው ሲሊንደሩን በእጅ ውርወራ ጠቅ አድርጎ መዝጋት ደግሞ የሚሸከመውን ክንድ ያጎብጣል፤ (ተዋናዩ ሽጉጡን የገዛው በራሱ ገንዘብ ባለ መሆኑ ይመስለናል)። በቀድሞዎቹ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጦች ኮከቡ በቦታው ጥቂት ስለሚላወስ ቤቶቹ ባዶ ሆነው ሲፈተኑ ጤነኛው ሽጉጥ በሽተኛ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። የተተኮሰ ባዶ ቀለህ በየቤቱ ሲገባ ግን ኮከቡ ይረጋል፤ ፈተናውም ይታመናል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልዩነት እንምጣ፤ የክሱ ሥር ያለው እዚህ ነውና። በ1889 የወጣው የኮልት ሽጉጥ ሲሊንደሩ ወደ ግራ ይከፈት ነበር፤ ወደ ግራም ይዞር ነበር። በዚህም የተነሣ ገፊው በገፋ ቍጥር ሲሊንደሩን ከአካሉ ወደ ውጭ ይገፋው ነበር። በ1908 በወጣው አርሚ ስፔሻል ዙሩ ወደ ቀኝ ስለ ሆነ ግፊቱ ሲሊንደሩን ወደ ውስጥ የሚያጣብቅ ሆነ። የቀድሞው ፓይተን የወረሰው ይህንን ነው። ገፊው ሁለት እርከን አለው፤ አንደኛው ዙሩን ይጀምራል፤ ሁለተኛው ይጨርሳል፤ ምላጩ እስከ ጥግ እንደ ተሳበም ሲሊንደሩን በመቆለፊያው ላይ ተጭኖ ይይዘዋል። ጥይቱ ሲተኮስ ሲሊንደሩ አይነቃነቅም፤ ነገር ግን የተኩሱን ጫና በከፊል የሚቀበለው ገፊው ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ግን ለሲሊንደሩ ጥቂት መላወሻ ይተውለታል፤ ስለዚህ ጥብቅነቱ ያንሳል፤ ማርጀቱን ግን ቶሎ አያሳይም።

በእኛ አስተያየት የኮልት ገፊ ማለቁ የአሠራር ስሕተት ሳይሆን ለጥብቅነቱ የተከፈለ ዋጋ ነው። የምንነቅፈው ፋብሪካውን ሳይሆን፣ ይህን ዋጋ ለገዢው ሳይነግር ጥብቅነቱን ብቻ የሚያወድሰውን ጸሐፊ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሞረዱ ነገር ነው። ገፊው ሲያጥር መድኀኒቱ ገፊውን መለወጥ ወይም በዐዋቂ እጅ ቀጥቅጦ ማስረዘም ነው። ችኩሉ ሠራተኛ ግን ጥርሶቹን ይሞርዳል፤ ከጥርስ የተሞረደ ብረትም አይመለስም፤ የአንድ ትንሽ ዕቃ ጉድለት የነበረው ኮከቡን በሙሉ ያስጥላል።

ፋብሪካው የቀድሞውን ፓይተን መሥራት በ2005 አቁሞ በ2020 በዚያው ስም የውስጥ አሠራሩ የተለወጠ ሽጉጥ አውጥቷል። የአሮጌውን ክስ በዚህኛው ላይ የሚደግሙ አሉ። እነዚህን ሰዎች የምንጠይቃቸው የትኛው ጥርስ እንደ ሆነና መዶሻውን በዝግታ አንሥተው ይሁን ምላጩን ፈጥነው ስበው እንዳዩት ነው።