ዲላ ላይ ያገኘሁት ሳሌም

ሰሞኑን ዲላ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ስለ አንድ ተውኔት ብቻ ነው። ቡናው ተቀድቶ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ስለ ሳሌም አወራለሁ። መናኸሪያ ሰው ልሸኝ ሄጄ መኪናው እስኪሞላ ስለ ዳኛ ዳንፎርዝ አወራለሁ። አሁን ደግሞ ለእናንተ ልንገራችሁ፦ የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» ያላነበበ ካለ የያዘውን አስቀምጦ ይፈልገው! አራት ገቢር ነው፤ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰውን አይለቅም።

ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1692፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ አጥባቂ ሃይማኖተኞች በሰፈሩባት ሳሌም ነው። በተውኔቱ ውስጥ፣ ሌሊት ጫካ ገብተው ሲጨፍሩ የተደረሰባቸው ልጃገረዶች ከቅጣት ለማምለጥ ጥንቆላን ሰበብ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ስም መጥራት ይጀምራሉ። መነሻው በእውን የሆነ ነገር ነው። በእውነተኛው የሳሌም ችሎት 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ጃይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ ገበሬ ደግሞ «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «አይደለሁም» ለማለት እምቢ ብሎ፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየተከመረበት ሞቷል።

እዚህ አገር ላደገ ሰው የመጀመሪያው ገቢር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ጭስ እየታጠነ «ማን በላህ?» ሲባል የሰው ስም እየጠራ እንደሚለፈልፍ ያልሰማ ማን አለ? ስም የጠራውን ማንም አይጠይቀውም፤ የሚጠየቀው የተጠራው ነው። የሚጠራውም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተገፋው ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ይህን ሐሜት ተሸክመው ኖረዋል። ሳሌም ላይም መጀመሪያ ከተጠሩት መካከል ባሪያዋ ቲቱባና ለማኟ ሣራ ጉድ ይገኙበታል።

ሚለር ግን ይህን አሳይቶ ብቻ አልተወንም። የተውኔቱን አጽም የሠራው በአንድ አስደንጋጭ ሕግ ላይ ነው፦ «አዎ፣ ከሰይጣን ጋር ውያለሁ» ያለ ይድናል፤ «አላደረግሁም» ያለ ይሰቀላል። የዳነውም መዳኑን የሚያጸናው ሌላ ሰው በመጠቆም ነው። አያችሁት? ውሸት ያድናል፣ እውነት ይገድላል፣ እያንዳንዱ ኑዛዜም አዲስ ተከሳሽ ይወልዳል። ደራሲው ታሪኩን የሚገፋበት ሌላ ሞተር አያስፈልገውም፤ አንዴ ከተነሳ በራሱ ይሮጣል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀበሌ አዳራሽ ስለተደረገው ማጋለጥ ከታላላቆቹ የሰማ ሰው ይህን ሲያነብ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ራስህን አጋልጥ፣ ከዚያ ጓዶችህን አጋልጥ!

ተውኔቱ ኒው ዮርክ ላይ መድረክ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 1953 ነው። ያኔ አሜሪካ ኮሚኒስት በማደን ላይ ነበረች፤ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ጸሐፊውንና ተዋናዩን እየጠራ የጓደኞቻቸውን ስም ይጠይቃል። ሚለር ስለ ኮሚቴው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከ250 ዓመት በላይ ያለፈው ታሪክ አወጣ። እኛ በሁለት ስንኝ የምናውቀውን ሰምና ወርቅ እሱ በአራት ገቢር ሠራው! ሰሙ 1692 ነው፤ ወርቁ ግን እንደ ተመልካቹ ይለዋወጣል። ለኒው ዮርኩ ተመልካች ኮሚቴው ነበር። በቻይና የባህል አብዮት ከስድስት ዓመት በላይ ለብቻዋ ታስራ የነበረችው ኒየን ቼንግ ሻንጋይ ላይ ስታየው፣ ቻይናዊ ያልሆነ ሰው ጻፈው ብላ ማመን አቅቷት ነበር። እኔ ደግሞ ቀበሌውን አየሁበት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምወደው ልምጣ። ሁለተኛው ገቢር ሲከፈት ገበሬው ጆን ፕሮክተር ከእርሻ ይገባል። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ውስጥ ልጆቿን እያስተኛች ነው። እሳቱ ላይ የተጣደውን የጥንቸል ወጥ ይቀምሳል፤ አይጥመውም፤ ጨው ይጨምርበታል። ኋላ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ወጡ በደንብ መጣፈጡን ያመሰግናል፤ እሷም ደስ ይላታል። ይኸው ነው! ባል ስለ ፈጸመው ዝሙት በሁለቱ መካከል ገና ምንም አልተነሳም፣ እኛ ግን የዚህን ትዳር ምስጢር ጨርሰን አየን። ሚስቱን ማስደሰት የሚፈልግ ባል፣ በመካከላቸው አንድ የጎደለ ነገር፣ በትንሽ ማታለል የተሸፈነ ደግነት። በአንዲት ቁንጥጫ ጨው! ይህን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አሁንም አልጠገብኩትም።

ያቺ ትንሽ ደግነት ሦስተኛው ገቢር ላይ አድጋ ሰው ትገድላለች። ፕሮክተር የከሳሾቹን አለቃ አቢጌልን ለማጋለጥ ሲል ከእሷ ጋር ማመንዘሩን በችሎት ይናዘዛል፤ ሚስቱ በሕይወቷ ዋሽታ እንደማታውቅም ይመሰክራል። ዳኛው ዳንፎርዝ ፕሮክተርና አቢጌል ፊታቸውን አዙረው እንዲቆሙ አድርጎ ኤልሳቤጥን ያስጠራል። ባሏ እንደተናዘዘ እኛ እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። አንዲት እውነት ብትናገር ያገሩ ሁሉ መከራ ያበቃል። እሷ ግን የባሏን ስም ለማዳን በዕድሜዋ የመጀመሪያዋን ውሸት ትዋሻለች። በፍቅር የዋሸችው ውሸት ባሏን ገደል ከተተው! የዳኛው ጥያቄና የእሷ መልስ የተለዋወጡባቸው መስመሮች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ሚለር ግን እያንዳንዷን ትንፋሽ በመድረክ መመሪያ ይለካታል፤ አንባቢው መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ አፏን ሊይዝላት ይመኛል።

መርፌ የተሰካባትን የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ችሎቱ ውስጥ ማንም የማያያትን ቢጫ ወፍ ራሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

ስለ ስም ግን ዝም ማለት አልችልም። መጨረሻ ላይ ፕሮክተር ለመዳን ፈርሞ ሳለ፣ የኑዛዜው ወረቀት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንዲለጠፍ አልሰጥም ብሎ ይቀደዋል። የሌሎችን ስም ለመጥራትም እምቢ ይላል። ይህን ሳነብ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ከፊቴ ድቅን አለ። አቡነ ጴጥሮስም በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ፊት ሲቀርቡ የተፈለገው ሕይወታቸው ብቻ አልነበረም፤ አርበኞችን አውግዘው ሕዝቡ እንዲገዛ የሚናገሩት ቃል ነበር። ገዢ የሰውን ቃል ያን ያህል የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ሁለቱ ተውኔቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሚለር ራሱም ተውኔቱ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ስም እንዲጠራ ተጠየቀ፤ እምቢ አለ። ፍርድ ቤት በማግሥቱ ዓመት ጥፋተኛ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በይግባኝ ተሻረለት። የጻፈውን ኖረው!

እንግዲህ የምመኘው ዲላ ላይ በመድረክ እንዲታይ ነው፤ በአማርኛም፣ በጌዴኡፋም። የሚተረጉመው ሰው በሁለተኛው ገቢር ይጀምር፤ ያቺን ቁንጥጫ ጨው ካገኛት ሌላው ይመጣለታል። አዘጋጁ ግን እዚህ ብቻ የሚገጥመው አንድ ግሩም ጣጣ አለ። ለሳሌም ሰዎች ጫካ የሰይጣን መኖሪያ ነው፤ ክሱ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው። የዚህ አካባቢ የጌዴኦ ሰው ደግሞ የሚኖረው ዛፍ ውስጥ ነው፤ ቡናውና እንሰቱ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላሉ፣ የተከበሩ ደኖቹን ሽማግሌዎች ይጠብቋቸዋል፤ ዩኔስኮም ይህን መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 መዝግቦታል። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት፣ ነገር ሲሰማ ያደገ ተመልካችም የዳንፎርዝን ችሎት ዝም ብሎ አያየውም፤ ከሳሾቹ ለምን አልተጠየቁም ይላል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ገቢር ጨለማ አላደርገውም። ልጃገረዶቹን በቀን ብርሃን ዛፉ ሥር አስጨፍራቸውና ፍርሃቱን ከቤት ውስጥ አስነሳዋለሁ።